የእናቴ ጥቁር ውሃ

እናቴ ልትሞት መሆኗን ያወቅሁት በስምንት ዓመቴ ነው። አሁን ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዛሬ ጠዋትም ሻዬ ላይ ስኳር ሰሰትሽ ብላ ተቆጥታኛለች።

ነገሩን ያስታወሰኝ የዛሬው ግርግር ነው። የልጅ ልጄ ሐኒ ከነጋ ጀምሮ ቤቱን እያመሰችው ነው። ባምባሲ ያለ አዳሪ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል፤ ነገ ሄዳ መመዝገብ አለባት፤ የመግቢያ ወረቀቷ ግን ጠፍቷል። ፍራሽ አንስታ አየች። ቁም ሳጥኑን ገለበጠች። ዶሮዎቹን ሳይቀር ጠረጠረች። ወረቀቱ የት እንዳለ እኔ አውቃለሁ፤ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ባምባሲ እኮ ከአሶሳ ቅርብ ነው ትሉኝ ይሆናል። በሚኒባስ ሄዶ ለምሳ መመለስ እንደሚቻል አጥቼው አይደለም። ግን አልጋው ተደራራቢ ነው አሉ። ላይኛው ቢደርሳትስ? በእንቅልፏ ስትገለባበጥ የምታድር ልጅ ናት። አጎበር ይሰጧታል ወይስ ከዚህ ትያዝ? ሲያተኩሳት ግንባሯን የሚዳብስ ማን አለ? ወላጆቼ ስሜን ጤናዬ ያሉኝ ለበረከት ነበር፤ እኔ ግን ዕድሜዬን በሙሉ የሌላውን ሰው ጤና ስጠብቅ ኖርኩ። የጀመርኩትም በእናቴ ነው።

ከወሎ በሰፈራ አሶሳ ስንገባ አምባዎቹ ስም እንኳ አልነበራቸውም፤ የሚጠሩት በቁጥር ነው። የኛው ስምንት ቁጥር ነበር። ቤቶቹ በገመድ ተለክተው የተሰደሩ የሣር ክዳን ጎጆዎች ናቸው፤ ግድግዳቸው ቀርከሃ ስለነበር ጎረቤት ሲያስነጥስ እኛ ቤት "የርሐሙከላህ" ይባላል። ከአምባው በታች ጅረት ይወርዳል። ከጅረቱ ወዲያ፣ ከማንጎዎቹ ሥር፣ የአገሬው ሰዎች የበርታዎቹ መንደር ነው። እኛ "ማዶ" እንለው ነበር።

ማዶ ፈኪ ባበክር የሚባሉ ሰው ነበሩ። ፈኪ በነሱ ዘንድ ቁርአን የሚያቀራ ሼህ ማለት ነው። እኔ ስለ እሳቸው የማውቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጎረቤታችን አያ ደባልቄ ወባ የጣለው ጊዜ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ማዶ ወሰዱት፤ እኔም ተከትዬ ሄድኩ። ፈኪው በጥቁር ቀለም የተጻፈበት የእንጨት ሰሌዳ ይዘው ወጡ፤ ለውህ ይሉታል። ውሃ አፈሰሱበትና ጽሑፉን በመዳፋቸው አሽተው አጠቡት፤ የጠቆረውን ውሃ በቅል አድርገው አያ ደባልቄን አጠጡት። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።

ሰውየው ማዶ የደረሰው ነገር ካለቀ በኋላ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። ፈኪውም ዱዓ አደረጉለት እንጂ አድነዋለሁ አላሉም። የስምንት ዓመት ልጅ ግን ይህን ሁሉ አታብላላም። እኔ የያዝኩት አጭር ነበር፤ የሰሌዳ እጣቢ የሚጠጣ ሰው ይሞታል።

እንግዲህ አንድ ቀን፣ የአስር ሰላት ተሰግዶ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል፣ እናቴ ከማዶ ስትመጣ አየኋት። የከንፈሯ ጥግ ጥቁር ነው።

"እማ፣ አፍሽ ምን ሆነ?"

በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አደረገችው። "ምንም አልሆነ።"

"የት ሄደሽ ነው?"

"ቅል ልዋስ። ደግሞ ማዶ ሄደች ብለሽ ለሰው አታውሪ። ለአባትሽም ቢሆን።"

ቅል በእጇ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከሷ ላይ አልነቀልኩም። በየሁለት በየሦስት ቀኑ፣ አባቴ የማኅበሩ እርሻ ላይ እያለ ጅረቱን ትሻገራለች። ስትመለስ አንዴ ጣቷ ይጠቁራል፣ አንዴ ከንፈሯ። ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን ማነብነቧ ነው። ማሽላ ስትፈጭ፣ እንጨት ስትለቅም፣ ልብስ ስታጥብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የማላውቀው ቃል ይወጣታል። አያ ደባልቄም ሲያቃዠው እንዲሁ ያነበንብ ነበር። እየተጠጋሁ አደምጣታለሁ። ትናንት ካለችው ዛሬ ትጨምራለች፤ ሕመሙ እየባሰባት ነው እላለሁ በልቤ። አንዳንዴ መሀል ላይ ታቆምና ግንባሯን ይዛ ትቀራለች፤ ያን ጊዜ የኔም ትንፋሽ አብሮ ይቆማል።

ያን ወር እንደታዘዝኩት በሕይወቴ ታዝዤ አላውቅም። ሳልጠራ ውሃ እቀዳለሁ። ፍየሏን አስራለሁ። ከድርሻዬ ቆርሼ ወደሷ አስጠጋለሁ። ጎረቤታችን ሸዋነሽ ታዝባ፣

"የወርቅውሃ፣ ልጅሽን ምን አስነካሻት? ለኔም ትንሽ ስጪኝ፤ የኔዎቹን አጠጣቸዋለሁ" አለቻት።

እናቴ ሳቀች። እኔ "አጠጣቸዋለሁ" የሚለውን ሰምቼ ከጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

አባቴ የሻው ምንም የጠረጠረ አይመስልም ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው፤ እንደ እናቴ እሱም ፊደል አልቆጠረም። ያኔ አንድ አመል አምጥቶ ነበር። ከእርሻ ሲገባ ድስቶቹን ይገለብጥና ከቂጣቸው ጥላሸቱን በቢላ ይፍቃል፤ በሙዝ ቅጠል ይጠቀልልና በሩ አጠገብ ያስቀምጠዋል። አንዳንድ ቀን ከዱር የለቀመውን የዛፍ ሙጫ ጎኑ ጣል ያደርጋል። "ይሄን የሚጥልልኝ ማን ይሆን" ይላል፣ ወደ ማንም ሳያይ። በማግስቱ ጥቅልሉ አይኖርም። እኔ ጽዱ አባት አለኝ ብዬ ኮራሁ።

በመጨረሻ ተከተልኳት። ጅረቱን ጫማዬን በእጄ ይዤ ተሻገርኩ፤ ማንጎ ዛፍ ሥር የቀርከሃ አጥር ስንጥቅ አገኘሁና ዓይኔን ለጠፍኩ። እናቴ ሰሌን ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ የፈኪው እናት ሐቦባ አምና ነበሩ፤ ሐቦባ በነሱ አያት እንደማለት ነው። ፊታቸው እንደ ማንጎ ቅርፊት የተጨማደደ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሴትዮ። ለውሁ በሁለቱ መሀል ነው። እናቴ ታነበንባለች፤ አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ እናቴ ለውሁን አጠበች፤ ውሃውን በቅል ተቀብላ፣ ቢስሚላህ ብላ ጠጣችው።

"አንተ ፈራህ" አሏት ሐቦባ አምና። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። "ለምን ፈራህ? አንድ ለውህ ብቻ ቀረ።"

"ሰው ፊት ቢጠፋኝስ?"

"ይጠፋል። ይመጣል። ሰው እንዲህ ነው።"

"ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ሐቦባ። እንዲህ ያለ ነገር በልጅነት ነው እንጂ..."

አሮጊቷ ጣታቸውን አነሱ። "ነቢዩ ዕውቀት መፈለግ በሙስሊም ላይ ሁሉ ግዴታ ነው አለ። ሽበት ያለው ይቅር አለ? ሴት ይቅር አለ? አላለም። ቁጭ በል።"

እኔ ከዚህ ሁሉ ሰምቼ የያዝኩት አንድ ለውህ መቅረቱን ነው። አንድ ብቻ። ከዚያ በኋላማ አያ ደባልቄ የሄደበት መሄድ ነው። ወደ ቤት ስሮጥ ጫማዬን ጅረቱ ወሰደው።

አሁን እንግዲህ እውነቱን ልናገር። እናቴ እየተማረች ነበር። በልጅነቷ ወንድሞቿ ቁርአን ሲቀሩ እሷ ውሃቸውን ትቀዳ፣ ደጃፉን ትጠርግ ነበር፤ ከደጃፍ አላለፈችም። አሶሳ በገባን በመጀመሪያው ክረምት አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ሞተች። በአምባው መቅራት የሚችሉት ሁለት ሰዎች በወባ ወድቀው ስለነበር ራስጌዋ ተቀምጦ ያሲን የሚባለውን የቁርአን ምዕራፍ የሚቀራላት አልተገኘም። እናቴ የእናቷን እጅ ይዛ አንድም ነገር ማለት አልቻለችም። ያን ቀን ማለች፤ ያሲንን ከላይ እስከ ታች ተምራ መቃብሯ ላይ ትቀራላታለች። ካልቻለች ግን ሰው እንዳይስቅባት ደበቀችው። ውሃውን የምትጠጣው ደግሞ ሐቦባ አምና ከለውህ የታጠበ ቃል እግር በሚረግጠው መሬት አይደፋም ስለሚሉ ነው። ማዶ ያደገ ልጅ ሁሉ ትምህርቱን ሸምድዶ እንደዚያው ሲጠጣ ነው ያደገው። በሽተኛ ብቻ ይጠጣዋል ብላ የምታስብ እኔ ነበርኩ።

ያን ሳምንት እናቴ አዲስ ቃል ጨምራ ስታነበንብ ሰነበተች፤ በቀጠለው ሐሙስ ከማዶ በነጠላዋ የጠቀለለችውን ነገር ይዛ መጣች። ከማሽላው ጎታ ኋላ አስገባችው። ከዚያ ሸዋነሽን በቀርከሃው በኩል ጠርታ፣

"ነገ ጠዋት ወደ እናቴ መቃብር አብረሽኝ ትወርጃለሽ?" አለቻት።

"በደህና ነው?"

"ስትሄጂ ታዪዋለሽ።"

ቦታዋን ልታሳያት ነው፣ አልኩ በልቤ። የት እንደምትቀበር ለጎረቤት ልታሳይ ነው።

ሁለቱ ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ ወደ ጎታው ኋላ ገባሁ። ነጠላውን ስፈታ ለውሁ ወጣ። እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር ያን ጊዜ አይቼ አላውቅም። እንጨቱ ነጭ አፈር ተቀብቷል፤ በላዩ ጥቁር ጽሑፍ እንደ ሐረግ ይጥመለመላል፤ ዙሪያው በቀይ አፈር ተከርክሟል። የመጨረሻው ትምህርት ስለነበር ሐቦባ አምና አስጊጠውላት ነው። ለኔ ግን የመጨረሻው መድኃኒት ነበር። ነገ ጠዋት እናቴ ትጠጣዋለች፤ በሦስተኛው ቀን...

ብዙ አላሰብኩም። አንዱ ሰው የግድ መጠጣት ካለበት እኔ ልጠጣው። እናቴ ከሞተች እኔን የሚያሳድግ የለም፤ እኔ ብሞት ግን እናቴ ሌላ ልጅ ትወልዳለች። ሒሳቡ እንከን አልነበረውም። ቢስሚላህ አልኩ። ከእንስራው ውሃ ቀድቼ አፈሰስኩበት፤ በመዳፌ አሸሁት፤ ሐረጉ ሁሉ ቀልጦ ከሥር በያዝኩት ጣሳ ውስጥ ጠቆረ። ሁለት ጊዜ ተንፍሼ ጨረስኩት። ጭስ ጭስ ይላል፤ መጨረሻው ላይ ሙጫው ትንሽ ይጣፍጣል።

ከዚያ ለሞት ተሰናዳሁ። የዒድ ቀሚሴን ለበስኩ። ዛጎሎቼን ለሸዋነሽ ልጆች እንዲሰጥልኝ መደብ ላይ ደረደርኩ። ፍየሏን ወጥቼ ተሰናበትኳት። አያ ደባልቄን ሲያስተኙት እንዳየሁት ወደ ቂብላ፣ ወደ ስግደቱ አቅጣጫ፣ ዞሬ በቀኝ ጎኔ ተጋደምኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስጠብቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የቀሰቀሰኝ የእናቴ ድምፅ ነው።

"ጤናዬ። ይሄን ማን አጠበው?"

ባዶውን ለውህ ይዛ ቆማለች።

"እኔ።"

"ውሃውስ?"

"ጠጣሁት።"

"ለምን?"

"አንቺ እንዳትጠጪው። እንደ አያ ደባልቄ እንዳትሞቺብኝ።"

እናቴ ለውሁን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት ቁጭ አለች። የዒድ ቀሚሴን አየች። የተደረደሩትን ዛጎሎች አየች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰች ነው ብዬ አንገቷን አቀፍኩ፤ ለካ በሳቅ ነው። ስትስቅ እንባዋ ይወርዳል፤ ልታቆም ትሞክርና ዛጎሎቹን ስታይ እንደገና ይጀምራታል።

አባቴ ከእርሻ ገባ። እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ባዶውን ሰሌዳ አየ።

"የመጨረሻው ነበር እንዴ?" አለ።

የእናቴ ሳቅ ቀጥ አለ። "አንተ በምን አወቅህ?"

አባቴ ወደ እጆቹ አቀረቀረ። ጥፍሮቹን ተመለከተ፤ በእያንዳንዳቸው ሥር ጥላሸት አለ። እናቴም ተመለከተቻቸው። ያኔ ምን እንደተያዩ አልገባኝም፤ እጁን ሳይታጠብ ገባ ብላ ልትቆጣው ነው ብዬ ነበር። ቀለም ከጥላሸትና ከሙጫ እንደሚበጠበጥ የተማርኩት ኋላ ነው። አላህ ይርሐመውና፣ አባቴ ሳያነብ የኖረ ሰው ነው፤ ግን እናቴ የቀራችውን እያንዳንዷን ፊደል እሱ ነው ከድስት ቂጥ ፍቆ ያወጣት።

ፀሐይ ሳትገባ እናቴ እጄን ይዛ ማዶ አደረሰችኝ። ሐቦባ አምና ነገሩን ሲሰሙ በሌላቸው ጥርስ ሳቁ፤ አገጬን ቀና አድርገው አፌን መረመሩ።

"እንደገና ይጻፉልኝ" አለች እናቴ። "ነገ ያለ ለውህ አልችልም።"

"አልጽፍም።"

"ሐቦባ፣ በአላህ..."

"ለውህ እንጨት ነው። ይታጠባል። ሰው ውስጥ የገባ ነው ዕውቀት። ገብቷል? ነገ እናያለን። አልገባም? ቅዳሜ እንደገና ትመጣለህ።"

በማግስቱ ጠዋት ወደ መቃብሩ ወረድን፤ እናቴ፣ አባቴ፣ ሸዋነሽና እኔ፤ ሐቦባ አምናም በምርኩዝ መጡ። እኔ አሁንም እሞታለሁ ብዬ እየጠበቅሁ ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ሆዴን ቆርጦኛል። እናቴ ራስጌው ላይ ተቀመጠች። ሸዋነሽ "ምን ልታደርግ ነው?" ስትል አባቴ በጣቱ ዝም በይ አላት።

እናቴ ጀመረች። ከመጀመሪያው ቃል አወቅሁት። ይሄ ወፍጮው ላይ ስትቃዥ የምትለው ነው። አሁን ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋለች፤ አልፈጠነችም፣ አልተንተባተበችም። ሸዋነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። እንዲህ እያለች ብዙ ሄደች። ልትጨርስ ትንሽ ሲቀራት፣ ልክ እኔ ያጠብኩት ክፍል ጋ ስትደርስ፣ ቆመች።

ግንባሯን ያዘች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም። ሐቦባ አምና እንዳልሰማ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ አያግዟትም። ከማዶ ማንጎዎች አንዲት ወፍ ጮኸች። እናቴ እንደገና ከኋላ ጀመረች፤ እዚያው ስትደርስ እንደገና ቆመች። እናቷ ፊት፣ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ምንም ማለት ሊያቅታት ነው።

እኔ ግን ቀጣዩን ቃል አውቀዋለሁ። እንዴት አላውቀውም? አንድ ወር ሙሉ ከኋላ ከኋላዋ እየሄድኩ፣ ቃዠች አልቃዠች እያልኩ፣ እያንዳንዱን ትንፋሽ ስጠብቅ ነበር።

"እማ" ብዬ ጆሮዋ ሥር ተጠጋሁና ቃሉን አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ተቀበለችኝ፤ የቀረውን እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳትዘል ጨረሰችው። እጃችንን ለዱዓ ስናነሳ የእናቴ ፊት ከአዲስ ሙሽራ ፊት ይበልጥ ያበራ ነበር።

ሐቦባ አምና ዓይናቸውን ገለጡ። በምርኩዛቸው ወደኔ አመለከቱ። "ይሄ ልጅ ትናንት ጠጣ፣ ዛሬ ቀራ" አሉ። "ቅዳሜ ይሄንም ይዘህ ና።"

በዚያ ቅዳሜ ጀመርኩ። ማዶ ከበርታ ልጆች ጋር ቁርአን ቀራሁ፤ ኋላም አምባው ውስጥ ትምህርት ቤት ሲከፈት እስከ ስምንተኛ ክፍል ደረስኩ። እናቴ ከያሲን አላቆመችም፤ ዓመታት ወስዶባት ቁርአኑን ከዳር እስከ ዳር ቀርታ አኸተመች፤ ሸዋነሽንም በተራዋ ጎትታ ሰሌኑ ላይ አስቀመጠቻት። ያጠብኩት ለውህ ዛሬም ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ባዶውን።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ሐኒ መጨረሻ ላይ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ መጣ።

"ነገ ካልተመዘገብኩ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል፣ አያቴ። ለአንድ ዓመት ሙሉ ለዚህ ነው ያጠናሁት።"

"አይዞሽ። እዚህም አሶሳ ትምህርት ቤት ሞልቷል" አልኳት። ድምፄ ለራሴም አላማረኝም።

እናቴ ጥጉ ላይ ወንበሯ ላይ ናት። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ መቁጠሪያዋን፣ ሙስበሃዋን፣ እየቆጠረች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የነቃችብኝ አልመሰለኝም ነበር። ቆጠራዋን ሳታቋርጥ፣ ፊቷንም ወደኔ ሳታዞር፣

"ጤናዬ" አለች። "ይሄንንም ጠጣሽው እንዴ?"

ሐኒ አልገባትም፤ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየች። እኔ ተነሳሁ። ወደ ጓዳ ገባሁና የስኳሩን ቆርቆሮ ከፈትኩ፤ ሻዩ ዛሬ ስኳር ያነሰው እኮ እጄን ወደዚያ መስደድ ስለፈራሁ ነው። ወረቀቱን አውጥቼ በቀሚሴ ጠረግ ጠረግ አደረግሁትና ለሐኒ ሰጠኋት።

"ታችኛውን አልጋ ጠይቂ" አልኳት።